ፑሌጃውን ከመፍታትህ በፊት ና እዚህ ቁጭ በል

ና እስቲ ወንድም ዓለም፣ ያን ቁልፍ አስቀምጥና አጠገቤ ቁጭ በል። እጅህ ግራሶ ሳይነካ የምነግርህ አለኝ። የአባትህን ላዳ ወርሰህ፣ ከመገናኛ ሜክሲኮ ሳትደርስ እየፈላችብህ፣ አሁን ደግሞ «የውሃ ፓምፑን ፑሌጃ አሳንሼ ላስቆርጥ ነው» ማለትህን ሰምቻለሁ። ማን መከረህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ጋራዥ በር ላይ የቆመ ሁሉ ሐኪም ነው። ሐሳቡ ግን ከንቱ አይደለም። ፑሌጃ የሚያድነው ሙቀት አለ፣ ፑሌጃ የሚያባብሰውም ሙቀት አለ። የያዘህ የትኛው እንደሆነ ሳታውቅ ካስቆረጥህ ገንዘብህን ከፍለህ ሞተርህን ታቃጥላለህ። እኔ ያደግኩት በአባቴ ጋራዥ ግቢ ውስጥ፣ በቺንጋ ክምር መካከል ስለሆነ ይህን ስልህ አምነኝ።

ያለችህ ቮልስ ከሆነች ተነስና ቡናህን ጠጣ፣ ሆዴ። ቮልስ ውሃ አታውቅም፤ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው። ላዳ፣ ፊያት፣ ፔጆ ወይም ሌላ ባለ ራዲያተር አሮጌ መኪና ያለህ ግን አትንቀሳቀስ፣ ስማኝ።

አንደኛ፣ መኪናህ መቼ እንደምትሞቅ እወቅ። ይህንን ሳትመልስልኝ አንዲት ቡሎን እንዳትፈታ። ቆማ በሚኒሞ ስትሠራ፣ መብራት ላይና መጨናነቅ ውስጥ የሙቀት ጌጇ ይወጣል፣ መንገድ ሲከፈትላት ግን ይወርዳል? እንግዲያው የጎደላት የአየር ወይም የውሃ ፍጥነት ነው፤ ፑሌጃ የሚረዳው እንዲህ ያለችውን ነው። ወይስ ከተማ ውስጥ ደህና ሆና ረጅም መንገድ ላይ፣ ሽቅብ ስትወጣ ነው የምትፈላው? ያን ጊዜ ሞተሩ በፍጥነት እየዞረ ነው፣ ፓምፑም አብሮ እየዞረ ነው፤ ከዚያ በላይ ማስሮጥ አይጠቅማትም። የተደፈነ ራዲያተር፣ ወይም የላላ የታችኛው የራዲያተር ጎማ (ቱቦ) ፈልግ። ቆማም ስትሄድም የምትሞቅ ከሆነች፣ ወይም የራዲያተሩን ክዳን ከፍተህ በቀዝቃዛው ስታስነሳት ውሃው ሳያቋርጥ አረፋ የሚተፋ ከሆነ፣ የቴስታታ ጉርኒሲዮን ተጠርጣሪ ነው። እሱን ፑሌጃ አይጠግነውም፣ የኔ ጌታ።

ይህን የመጀመሪያ ጥያቄ የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው። ዓባይ በረሃን አስበው። ከጎሃ ጽዮን ወርደህ ድልድዩን ተሻግረህ ወደ ደጀን ስትወጣ በሁለተኛ ማርሽ ነህ፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን ቀስ ብላ ነው የምትሄደው፣ ከፊት የሚገባው ነፋስ ትንሽ ነው፣ የሚቃጠለው ነዳጅ ብዙ ነው። እዚያ የሚፈተነው የራዲያተሩ ንጽሕና ነው። ዳገቱ ላይ ፈላችብኝ ብሎ ፑሌጃ ያሳነሰ ሰው በሚቀጥለው ጉዞው እዚያው ኩርባ ላይ ቢቆም አይግረመው።

ሁለተኛ፣ ርካሹን ነገር ቀድመህ ጨርስ። የራዲያተሩን ክዳን አንሳና ጎማዋን እያት፤ ተሰንጥቃ ወይም ደርቃ ከሆነ ያገኘኸው በሽታ እሱ ሊሆን ይችላል። ለምን እንደሆነ ልንገርህ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች፣ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የላዳ ክዳን ደግሞ ግማሽ ባር ያህል ግፊት እንዲይዝ የተሠራ ነው፤ ያን ግፊት ከያዘ ውሃው እስከ 106 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ ግፊት ካላጠመደ ግን ጌጁ ገና 90 ሲያልፍ ውሃው ይንተከተካል። አየህ? አሥራ አራት ዲግሪ የምታህል መከላከያ ያለችው በአንዲት ጎማ ላይ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ፑሌጃ አስቆርጦ፣ ቺንጋ ቀይሮ፣ ፋን ሁሉ ቀይሮ አሁንም ስትፈላበት አባቴ ክዳን ብቻ ቀየረለት፤ መፍላቷ በዚያው ቀረ።

ከክዳኑ ቀጥሎ ቺንጋውን ተመልከት፤ ካብረቀረቀ ወይም ከተሰነጣጠቀ እየተንሸራተተ ነው፣ ፓምፑም መዞር ያለበትን ያህል እየዞረ አይደለም። ራዲያተሩን በእጅህ ዳስሰው፤ ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ፣ ፋኑ መቆሙን አይተህ፣ አንዱ ቦታ ትኩስ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ውስጡ ተደፍኗል። ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ብቻ ሲጠጣ የኖረ ሞተር ውስጡ ዝገት ነው፣ የፓምፑም ክንፎች ተበልተው ሊሆን ይችላል። ክንፉ ያለቀ ፓምፕን በፍጥነት ማዞር ወንፊት ይዞ ወንዝ እንደ መውረድ ነው። አጥበህ ስታበቃ ኩላንት ጨምር፣ እባክህ። እዚህ አገር ውሃ በረዶ አይሆንም ብለህ አትለፈው፤ ዝገት ይከላከላል፣ የመፍላያውንም ነጥብ ከፍ ያደርጋል።

ሦስተኛ፣ ቴርሞስታቱን አውልቀህ የጣልከው አንተ ከሆንክ አሁኑኑ ንገረኝ፣ አልቆጣም። ብዙ ሰው «ውሃው እንዳይታገድ» ብሎ ያወልቀዋል። በላዳ ላይ ግን ይህ የባሰ ስህተት ነው። የላዳ ቴርሞስታት ሁለት በር አለው፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በራዲያተር በኩል የሚያልፈውን ይዘጋል፣ ሞተሩ ሲሞቅ ደግሞ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ ተመልሶ ወደ ፓምፑ የሚሄድበትን አቋራጭ ይዘጋል። ስታወልቀው አቋራጩ ለዘላለም ክፍት ይሆናል፤ የፈላው ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይገባል። ጥሩ ቴርሞስታት በ80 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራል። በድስት ውሃ ውስጥ ነክረህ፣ እሳት ላይ ጥደህ ሲከፈት በዓይንህ ልታየው ትችላለህ። የእማዬን ድስት አትውሰድ እንጂ።

ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም መጨናነቅ ውስጥ ብቻ የምትሞቅ ከሆነች፣ እሺ፣ አሁን ስለ ፑሌጃ እናውራ።

አራተኛ፣ ጥምርታውን እወቅ። ሁለት ፑሌጃ አስብ፤ ታችኛው በሞተሩ ዘንግ፣ በኮሎው ጫፍ ላይ ያለው፣ ላይኛው የፓምፑ። የታችኛውን ስፋት ለላይኛው ስታካፍል፣ ሞተሩ አንዴ ሲዞር ፓምፑ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ታገኛለህ። የፓምፑ ፑሌጃ ሲያንስ ፓምፑ ይፈጥናል፤ ሲተልቅ ይዘገያል። ታችኛው ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ይህችን ብቻ ከያዝክ ማንም አያታልልህም።

በሜትሮ ጠርዙን ለክተህ አትመን። ቺንጋው የሚቀመጠው ቦዩ ውስጥ ገባ ብሎ እንጂ ጠርዙ ላይ አይደለም። የሚሻለውን ላሳይህ፦ መኪናዋ ጠፍታ፣ ማርሹ ነፃ ሆኖ፣ የባትሪውን ገመድ ንቀል። ሞተሩ እንዲቀልልህ ካንዴላዎቹን አውጣ። በሁለቱም ፑሌጃ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግ፣ ከዚያ በማኖቬላ ታችኛውን ቀስ ብለህ አሥር ዙር አዙር። ላይኛው ስንት እንደዞረ ቁጠር። አሥር ከሆነ ጥምርታህ አንድ ለአንድ ነው፤ አሥራ ሁለት ከሆነ አንድ ነጥብ ሁለት ነው። ጠመኔ አይዋሽም።

አምስተኛ፣ ከመቁረጥህ በፊት በወረቀት አስላ። ለስሌት ያህል፣ ሁለቱም 130 ሚሊ ናቸው እንበል። በሚኒሞ ሞተሩ በደቂቃ 850 ቢዞር ፓምፑም 850 ይዞራል። ላይኛውን ወደ 115 ሚሊ ብታወርደው ጥምርታው 1.13 ይሆናል፤ ፓምፑ በሚኒሞ ወደ 960 ይወጣል። ደስ ይላል አይደል? አሁን ሌላውን ጫፍ እይ። የመጀመሪያዋ ላዳ፣ 1,200 ሲሲዋ፣ ሙሉ ጉልበቷን የምትሰጠው በ5,600 ዙር ነው። እዚያ ስትደርስ ፓምፕህ ከ6,300 በላይ ይዞራል። መብራት ላይ የተመረቀልህ ሽቅብ ስትወጣ ይከፈልበታል።

ክፍያው ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ የእናቴ ልጅ። ፓምፕ ሲፈጥን የሚያስተላልፈው ውሃ በዚያው ልክ ይጨምራል፤ የሚበላው ጉልበት ግን የሚያድገው ያ ፍጥነት ሦስቴ እርስ በርሱ ተባዝቶ ነው። 13 በመቶ ስታፈጥነው 44 በመቶ ያህል ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቅሃል። 25 በመቶ ብታፈጥነው እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ያን ጉልበት የሚሸከሙት ቺንጋውና የፓምፑ ኩሽኔታ ናቸው። ስለዚህ ስግብግብ አትሁን።

ስድስተኛ፣ ከመጠን በላይ የሮጠ ፓምፕ ውሃ መግፋት ያቆማል። ክንፎቹ በጣም ሲፈጥኑ ከኋላቸው ግፊቱ ይወርዳል፤ ትኩሱ ውሃ እዚያው እንፋሎት ይሆንና አረፋ ይሠራል። አረፋ ደግሞ ሙቀት አይሸከምም። አረፋው ሲፈነዳም ብረቱን እየቆነጠረ ይበላዋል፤ ያረጀ ፓምፕ ፈትተህ ክንፉ ላይ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ያለ ካየህ፣ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እኛ ከፍታ ላይ ስለምንኖር ይህ ነገር ለኛ ይበልጥ ይቀርበናል፣ ክዳኑም ግፊት ካልያዘ የባሰ ነው። ለዚህ ነው ለእሽቅድምድም የሚሠሩ ሰዎች የፓምፑን ፑሌጃ የሚያተልቁት፤ ሞተራቸው ቀኑን ሙሉ ከፍ ባለ ዙር ስለሚሠራ ፓምፑን ማዘግየት ይበጃቸዋል። እነሱ መብራት ላይ አይቆሙም። አንተ ግን ትቆማለህ፤ የእሽቅድምድም ፑሌጃ ያማረልህ እንደሆነ መስቀል አደባባይ ላይ በእንፋሎት ታጅበህ ታገኘዋለህ።

እዚህ ላይ አንድ የጋራዥ ወሬ ልንቀልልህ። «ውሃው ከፈጠነ ራዲያተር ውስጥ ለመቀዝቀዝ ጊዜ አያገኝም» ይሉሃል። ሐሰት ነው። ውሃው ተመላላሽ ነው፤ ቶሎ ካለፈ ቶሎ ይመለሳል። ትኩስ ሻይ ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ ስታገላብጥ፣ ደጋግመህ ባገላበጥክ ቁጥር አይደል የሚበርደው? ወሬውን የወለደው ፓምፑ ሲዘገይ የበረደላቸው መኪኖች መኖራቸው ነው፤ የበረደላቸው ግን አረፋው ስለጠፋ ወይም የታችኛው ጎማ በመሳብ መጣበቁን ስላቆመ ነው። ምክንያቱን ካወቅክ መድኃኒቱን አትስትም።

ሰባተኛ፣ ፋኑን አትርሳ። በቀደሙት ላዳዎች ፋኑ የታሰረው ፓምፑ ላይ ነው፤ ፑሌጃውን ስታሳንስ ፋኑንም አፈጠንክ። መጨናነቅ ውስጥ ለምትሞቅ መኪና ጥቅሙ እንዲያውም ከውሃው ይልቅ ከፋኑ ይመጣል። የአዲስ አበባ አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ፋኑ በእያንዳንዱ ዙር የሚያነሳው አየር ክብደቱ ያንሳል ማለት ነው። ነገር ግን ሙሉ ዙር ላይ የፋኑ ጩኸትና ጫናም አብሮ ያድጋል፣ የተሰነጠቀ ክንፍ ካለው ተገንጥሎ ራዲያተሩን ይወጋዋል። ስለዚህ ክንፎቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠርገህ ስንጥቅ ፈልግ። ፋንህ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ፑሌጃ መቀየር ለአየሩ ምንም አይጨምርለትም፤ መጀመሪያ ሞተሩ ሲሞቅ ፋኑ መነሳቱን አረጋግጥ።

ስምንተኛ፣ ስንት ላሳንስ ካልከኝ፦ ከፋብሪካው መጠን ከአሥር፣ ቢበዛ ከአሥራ አምስት በመቶ አትለፍ። ለከተማ መንዳት ከአንድ ለአንድ እስከ አንድ ነጥብ ሦስት አካባቢ ያለው ጥምርታ በቂ ነው፤ ቆጥረህ አንድ ነጥብ ሦስት አካባቢ ካገኘኸው ፋብሪካው አስቦበታል፣ ተወው። የምትነካው ደግሞ ላይኛውን እንጂ ታችኛውን አይሁን። ታችኛውን ብታተልቅ ዲናሞውም አብሮ ይፈጥናል፤ አንድ ነገር ላስተካክል ብለህ ሁለት ነገር ታናጋለህ። ላይኛውን ብቻ ስትቀይር ዲናሞው በነበረበት ይዞራል።

ዘጠነኛ፣ ቶርኖ ቤት ስትሄድ አሮጌውን ፑሌጃ ይዘህ ሂድ። ዲያሜትር ብቻ ነግረህ እንዳትመለስ። ጥልቀቱ፣ የመሐሉ ቀዳዳና የቡሎኖቹ ርቀት አንዲት ፀጉር ሳትዛነፍ አንድ ዓይነት ይሁን። መሐሉ የተዛነፈ ፑሌጃ ሲዞር ይወዛወዛል፤ ኩሽኔታውን በጥቂት ወር ይፈጀዋል። ቦዩ ቺንጋውን በጎንና በጎን ይያዘው፤ ቺንጋው የቦዩን ወለል ከነካ መንሸራተቱ አይቀርም። ፑሌጃው ሲያንስ የቦዩም ማዕዘን ትንሽ ጠበብ ማለት አለበት፣ ቺንጋው ሲታጠፍ ስለሚያብጥ። ጎበዝ ቶርኖ ሠሪ ይህን ያውቃል፤ ካላወቀ አመስግነህ ውጣ። ብየዳ የነካውን ደግሞ በነፃ ቢሰጡህም አትቀበል። ሶማሌ ተራ ሄደህ የሌላ ሞዴል ፑሌጃ ካገኘህም እንዲሁ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አድርገህ ለካ።

አሜሪካ ያለኸው ወንድሜም፣ አሮጌ ሸቭሮሌ ገዝተህ ግቢህ ውስጥ የምታድሰው፣ ይህች የጥልቀት ምክር ላንተም ናት። የሸቭሮሌ ትንሹ ቪ ስምንት ሞተር እስከ 1968 እ.ኤ.አ. ባሉት ብዙዎቹ መኪኖች ላይ አጭር ፓምፕ ነበረው፤ ከ1969 ጀምሮ ረጅም ፓምፕ መጣ። የአንዱ ፑሌጃ ለሌላው አይሆንም፤ ዲያሜትሩ ቢገጥም እንኳ ጥልቀቱ አይገጥምም፣ ቺንጋው ተጣምሞ ይሄዳል። መጀመሪያ ፓምፕህ የትኛው እንደሆነ እወቅ፣ ከዚያ ፑሌጃ እዘዝ።

አሥረኛ፣ ስትገጥም መስመሩን ጠብቅ። ቀጥ ያለ ብረት በፑሌጃዎቹ ፊት ላይ አጋድመህ ቺንጋው በአንድ መስመር መሄዱን እይ። የላዳ ቺንጋ 10 ሚሊ ስፋት፣ 8 ሚሊ ውፍረት፣ 944 ሚሊ ርዝመት ነው። ላይኛውን 15 ሚሊ ብታሳንስ ቺንጋው በዚያው ገደማ ይረዝምብሃል፤ ዲናሞውን ስበህ ታጠብቀዋለህ፣ ካልበቃህ አጠር ያለ ግዛ። በፓምፑና በዲናሞው መካከል በአውራ ጣትህ ጠንከር አድርገህ ስትጫነው ከ10 እስከ 15 ሚሊ ይርገብ። ከዚያ በላይ ከላላ ይንሸራተታል፣ እንደ ክራር ክር ካጠበቅከው ኩሽኔታ ይበላል። ያነሰ ፑሌጃ ቺንጋውን የሚይዝበት ቦታም ስለሚያንስ፣ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ መልሰህ ፈትሸው።

በመጨረሻ፣ ሙከራውን በሥርዓት አድርግ። ከመቀየርህ በፊት አንድ ቀን በቀትር፣ ሞተሩ ሞቆ፣ ሃያ ደቂቃ በሚኒሞ አቁመህ ጌጁን ጻፍ። ከቀየርክ በኋላ ያንኑ ሰዓት፣ ያንኑ ቦታ ድገመው። ከዚያ አንድ ዳገት ውጣባት። ሚኒሞው ላይ በርዶ ዳገቱ ላይ ካልጨመረ እሰየው፤ ዳገቱ ላይ ከጨመረ አታመንታ፣ አሮጌውን ፑሌጃ መልስ። አሮጌውን እንዳትጥለው ለዚህ ነው፤ በጨርቅ ጠቅልለህ ከመቀመጫ ሥር አኑረው።

እና እባክህ፣ መንገድ ላይ ብትፈላብህ የራዲያተሩን ክዳን በትኩሱ እንዳትከፍት። የታመቀው ውሃ ፊትህ ላይ ነው የሚወጣው። ሞተሩን አጥፍተህ፣ ኮፈኑን ከፍተህ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጥላ ሥር ተቀመጥ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃም አታፍስስ፤ ቴስታታው ይሰነጠቅብሃል። መኪና ይጠገናል፣ የተቃጠለ ፊት ግን እንደ ነበረ አይመለስም።

በል አሁን ተነስ፣ ጎበዝ። ቁልፉን ሳይሆን መጀመሪያ ጠመኔውን አንሳ፤ ቁጠርና መጥተህ ስንት እንደሆነ ንገረኝ።